አንድ ኮርድ ያመጣው ጠብ

ጠቡ የተነሳው በአንድ ኮርድ፣ ማለትም አንድ ላይ በሚመቱ ጥቂት ድምፆች፣ ምክንያት ነው። ድምፃዊቷ ለበዓል ዝግጅት ይዛ የመጣችው አዲስ ዘፈን በትዝታ ቅኝት የተሠራ ነበር፤ ኪቦርድ ተጫዋቻችን በሁለተኛው ስንኝ ሥር የሶል ሰባተኛ ኮርድ ሲያስገባ ጊታሪስታችን እጁን ከክሩ ላይ አንስቶ «ይሄ ትዝታ አይደለም» አለ። ባንዱን የምመራውም ቤዝ ጊታር የምጫወተውም እኔ ስለሆንኩ የሁለቱም ዓይን ወደ እኔ ዞረ።

ሜጀር ትዝታ አምስት ድምፆች ብቻ አሉት፤ ከዶ ብንነሳ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል እና ላ ናቸው። የሶል ሰባተኛ ኮርድ ደግሞ ከሶል፣ ከሲ፣ ከሬ እና ከፋ የሚሠራ በመሆኑ፣ ከአራቱ ድምፆች ሁለቱ፣ ማለትም ሲ እና ፋ፣ ከቅኝቱ ውጪ ናቸው። በዚያ ላይ ይህ ኮርድ ጆሮን ወደ ዶ ተመለስ እያለ የሚገፋ ጉልበት አለው፤ ትዝታ ግን ለመድረስ የማይቸኩል ቅኝት ነው። ጊታሪስቱ ይህን በኖታ አይናገረውም፣ ጆሮው ግን ያውቀዋል፤ ጊታር ከመያዙ በፊት ክራር ሲደረድር ያደገ ሰው ነውና። ኪቦርድ ተጫዋቹ በበኩሉ ሙዚቃን በትምህርት ቤት የተማረ ወጣት ነው፤ ቅኝቶቻችንን ከኮርድ ጋር ማዋሃድ እንደሚቻል ሙላቱ አስታጥቄ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከጀመረው ሥራ ወዲህ ያከራከረ ቢሆንም የተረጋገጠ ነገር ነው ብሎ ያምናል። እውነቱን ለመናገር ሁለቱም ትክክል ነበሩ፤ ሁለት ትክክለኛ ሰዎች ሲጣሉ መዳኘት ደግሞ አንዱ ከተሳሳተበት ጠብ ይልቅ ይከብዳል።

በቀጣዮቹ ልምምዶች ክርክሩ ከቃል ወደ ድምፅ ከፍታ ተሻገረ። የተከራየናት የልምምድ ክፍል ጠባብ ናት፤ ግድግዳዋ በስፖንጅና በእንቁላል መያዣ ካርቶን የተሸፈነ ነው። ጊታሪስቱ አምፕሊፋየሩን ከፍ ሲያደርግ ኪቦርዱም ከፍ ይላል፣ ድራመሩም ሳይፈልግ ዱላውን ያጠብቃል፤ በመጨረሻ ድምፃዊቷ የራሷን ድምፅ ለመስማት አንድ ጆሮዋን በጣቷ መድፈን ጀመረች። ሁለቱ ሰዎች ፊት ለፊት መነጋገር አቁመው በድራመሩ በኩል «ንገረው» ይባባሉ ነበር። ሌሊት ሌሊት ደግሞ ክርክሩ በባንዱ የቴሌግራም ግሩፕ ይቀጥላል፤ በጽሑፍ የተነገረ ነገር የሰውየውን ድምፅና ፊት ስለማይዝ ከታሰበው በላይ ይመርራል። ግሩፑ ላይ የልምምድ ሰዓትና ቦታ ብቻ እንዲጻፍ፣ የሙዚቃ ጉዳይ መሣሪያ ተይዞ ብቻ እንዲነሳ ስጠይቅ ማንም አልተቃወመም፤ ሁሉም ደክሞት ነበር መሰለኝ።

የድምፁን ፉክክር ያበረደው ግን ምክር ሳይሆን ወንበር ነው። የጊታሩ አምፕሊፋየር መሬት ላይ ተቀምጦ ድምፁን የሚልከው ወደ ባለቤቱ ጉልበት ነበር፤ ስለዚህ ጊታሪስቱ ራሱን የሚሰማው በጥቂቱ ሲሆን ከፊቱ የቆምነው ግን በሙሉ ኃይሉ እንሰማዋለን። አምፕሊፋየሩን ወንበር ላይ አውጥተን ወደ ጆሮው ቀና ስናደርግለት ማንም ሳይነግረው በገዛ እጁ ቀነሰው። በብዙ ባንዶች ውስጥ «እሱ ሰው አያዳምጥም» የሚባለው ወቀሳ ግማሹ የጠባይ ሳይሆን የመሣሪያ አቀማመጥ ጉዳይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ኮርዱ ግን እዚያው ነበር። ሁለቱን ለየብቻ ለማነጋገር ወሰንኩ። ጊታሪስቱን ማኪያቶ እየጠጣን «ጋሼ፣ እንዲያው ነገሩ ምንድነው?» ስለው ስለ ሶል ሰባተኛ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። የተናገረው በካሴት ዘመን ስለተሠራ አንድ አልበም ነበር፤ የዘፈኖቹን መግቢያና የጊታር መስመር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የፈጠረው እሱ ሆኖ ሳለ ሽፋኑ ላይ «ቅንብር» ከሚለው ቃል ፊት የወጣው የሌላ ሰው ስም ነው። አሁንም አንድ ወጣት አዲስ ኮርድ ባስገባ ቁጥር የሚታየው ያ ሽፋን ነው። ወጣቱ ደግሞ ሌላ ቁስል ነበረው። ጊታሪስቱ በድምፃዊቷ ፊት «አንተ ገና ትናንት የመጣህ ልጅ» ብሎታል፤ «ጋሽዬን እወዳቸዋለሁ፣ ግን ሐሳቤን ሳልጨርስ ያቋርጡኛል፤ አንድ ጊዜ እንኳ እስከ መጨረሻው ተጫውቼው ከዚያ መጥፎ ነው ቢሉኝ እቀበላለሁ» አለኝ። አንደኛው ስሙን ነው የሚፈልገው፣ ሌላኛው ሰሚ። ስለ ሲ እና ፋ የተነገረው ሁሉ እነዚህን ሁለት ነገሮች ሳይጠሩ የመጠየቂያ መንገድ ነበር።

ሳክስፎን ተጫዋቻችን ሽማግሌ እንጥራ የሚል ሐሳብ አቀረበ። ሽምግልናን የማከብር ሰው ነኝ፣ ለዚህ ጉዳይ ግን ብቻውን አይበቃም። ሽማግሌ ሁለት ሰዎችን ያስታርቃል፣ ትከሻ ያሳስማል፣ ታናሹ ይቅርታ እንዲጠይቅ ያደርጋል፤ የሁለተኛውን ስንኝ ቅንብር ማን እንደሚወስን ግን አይናገርም። ዕርቅ በወረደ በሳምንቱ ሌላ ዘፈን ይመጣል፣ ጥያቄውም እንዳለ ይመለሳል። በዚያ ላይ በእኛ ባህል ታናሽ ለታላቅ መሸነፉ እንደ ጨዋነት ስለሚቆጠር፣ ዕርቁ ወጣቱን ዝም ሊያሰኝ ይችላል፤ በባንድ ውስጥ ዝም ያለ ሙዚቀኛ ደግሞ ብዙ ሳይቆይ ሌላ ባንድ ይፈልጋል።

ይህ ነገር ለቀደሙት ባንዶች ይቀል ነበር ብዬ አስባለሁ። ዋልያስ ባንድ በሂልተን፣ አይቤክስ ባንድ በራስ ሆቴል በቋሚነት ሲጫወቱ፣ በደርግ ዘመንም በሰዓት እላፊው ምክንያት ታዳሚው ከመሸ መውጣት ስለማይችል ሙዚቃው እስኪነጋ ሲዘልቅ፣ አንድ ዘፈን ዛሬ ባይሳካ ነገ ማታ እንደገና ይመጣል፤ ሁለት ሰዎች የተለያየ ሐሳብ ቢኖራቸው ሁለቱንም በመድረክ ላይ ይሞክሩታል። እኛ ግን የምንገናኘው ዝግጅት ሲኖር ነው። ለልምምድ ክፍሉ በሰዓት እንከፍላለን፤ መብራት ቢጠፋም ሰዓቱ ይቆጠራል። በእንዲህ ያለ ጥበት ውስጥ በክርክር የሚያሸንፈው የተሻለ ድምፅ ሳይሆን የተሻለ አንደበት ይሆናል።

ስለዚህ ክርክሩን ከአንደበት ወደ ድምፅ ለመመለስ ዘፈኑን በሁለቱም መንገድ እስከ መጨረሻው ተጫውተን በስልክ ለመቅዳት ተስማማን። አንድ ጥብቅ ሕግ ነበረው፤ ሐሳቡን የሚቃወመው ሰው የሌላውን ቅንብር የራሱ ያህል አሳምሮ መጫወት አለበት። ሆን ብሎ አበላሽቶ «ይኸው አየህ» ማለት የሙዚቀኞች የቆየ በሽታ ነውና። ጊታሪስቱ በወጣቱ ቅንብር ላይ ሲጫወት መጀመሪያ አንገቱን ደፍቶ ነበር፤ አዝማቹ ላይ ሲደርስ ግን ማንም ያልጠየቀውን ትንሽ መልስ ከዘፈኑ ሐረግ ጀርባ አስገባ። ኪቦርድ ተጫዋቹ ቀና ብሎ አየው። ሲጨርሱም አልተነጋገሩም።

ቅጂዎቹን ያዳመጥነው በዚያው ሰዓት ሳይሆን በማግስቱ፣ ጆሯችን ካረፈ በኋላ ነው። ድምፃዊቷ ማን ትክክል እንደሆነ አልተናገረችም፤ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ስትደርስ ግን «እዚህ ጋ ድምፄን እንደ ልቤ ማቆየት አልቻልኩም፣ ኮርዱ ወደ ቤት ይገፋኛል» አለች። ከዚያ በኋላ ክርክር አላስፈለገም። ዜማውን የምትዘፍነው እሷ ናት፤ ቅንብር ደግሞ ድምፃዊውን ካላገለገለ በሙዚቃ ትምህርት የቱንም ያህል ቢደገፍ ፋይዳ የለውም። ስንኞቹ በአምስቱ ድምፆች ብቻ እንዲቀሩ፣ ኪቦርዱም ዶ እና ሶልን ብቻ ይዞ እንዲቆም ወሰንን። የሶል ሰባተኛው ድምፃዊቷ ወደምታርፍበት የሳክስፎን ሶሎ ተዛወረ፤ እዚያ ላይ የሚገፋ ኮርድ ያስፈልግ ነበር። ወጣቱ የሠራው መግቢያም ሳይነካ ቀረ።

ስሙን በሚመለከት ደግሞ ዘፈኑ ከመቀረጹ በፊት አንድ ገጽ ወረቀት ጻፍን። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለግጥምና ለዜማ ደራሲ ብቻ ሳይሆን ለቅንብርም ለከዋኝም መብት እንደሚሰጥ ብዙ ሙዚቀኛ በጭምጭምታ ያውቃል፣ ማን ምን እንደሠራ በጊዜው የሚጽፍ ግን ጥቂት ነው። እኛ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር፣ የጊታር መስመር እያልን ከእያንዳንዱ ፊት ስም አሰፈርን፤ ለየዘፈኑም በቅንብር ላይ ሐሳብ ሲለያይ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ማን እንደሆነ አንድ ሰው ሰየምን። ጊታሪስቱ መነጽሩን አድርጎ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበበና በስሙ ውስጥ የተሳሳተ አንድ ፊደል አርሞ ፈረመ። በሚቀጥለው ዘፈን ላይ የመጨረሻው ቃል የወጣቱ እንዲሆን ሐሳብ ያቀረበው ራሱ ነው፤ «ዘፈኑ ፈጣን ነው፣ እሱ ይሻላል» ከማለት በቀር ምክንያት አልጨመረም።

ሁለቱ ወዳጆች ሆኑ አልልም። ከልምምድ በኋላ አንዱ በቀኝ፣ ሌላው በግራ ይሄዳል፤ አንዱ ቀልድ ይወዳል፣ ሌላው ቀልድን እንደ ንቀት ይቆጥረዋል፤ ይህን ለመለወጥ ሞክሬ አላውቅም፤ የባንድ መሪ ሥራም አይመስለኝም። በመድረክ ላይ ግን ይሰማማሉ፤ ኪቦርዱ ቦታ ሲለቅ ጊታሩ ይገባል። ወረቀቱን በተመለከተ አሁን ቅሬታ ያለው ድራመሩ ነው፤ የችክችካውን ምት ከዝግታ ወደ ፍጥነት የለወጥኩት እኔ ስሆን ስሜ የት አለ ብሎ ጠይቋል። ትክክል ስለሆነም ከሚቀጥለው ዘፈን ጀምሮ «ምት» የሚል አንድ መስመር ጨምረናል።