ከበግ ፀጉር የትከሻ ቦርሳ፦ ጉዳዩ ያለው መጥበቡ ላይ ነው

ሽመና የለም። ስፌትም እስከ መጨረሻው ድረስ የለም። የበግ ፀጉር፣ ውሃ፣ ሳሙናና ሁለት እጅ ይበቃል። እንዲህ ታሽቶ የሚወጣው ጨርቅ ፌልት ይባላል። እኔም ከሱ አበባና ቅጠል ያለበት የትከሻ ቦርሳ ሠራሁ። ያዩት ሰዎች የሚጠይቁኝ ስለ አበባው ነው። እኔ ግን ማውራት የምፈልገው ስለ መጥበቡ ነው። ሥራው ሲያልቅ ቦርሳው ከወርዱም ከቁመቱም ሲሶ ያህል ያጣል። ይህን ቀድሞ ያሰበ ቦርሳ ይኖረዋል። ያላሰበ የስልክ ማስቀመጫ ይወጣለታል።

የበግ ፀጉር ላዩ በጥቃቅን ቅርፊቶች የተሸፈነ ነው። ሙቀት፣ እርጥበትና ሳሙና ሲያገኝ ቅርፊቶቹ ከፈት ይላሉ። ሲታሽ ደግሞ ፀጉሮቹ እየተንሸራተቱ እርስ በርስ ይቆላለፋሉ። አንዴ ከተቆላለፉ መፍታት የለም። ጥጥና ሰው ሠራሽ ክር ይህ ቅርፊት ስለሌላቸው የቱንም ያህል ቢታሹ ፌልት አይሆኑም። በማሽን ቢታጠብ እንዳይጠብ ተብሎ በኬሚካል የታከመ የበግ ፀጉርም አይሆንም። ስትገዙ ቀድማችሁ ጠይቁ።

ሜሪኖ ከሚባለው የበግ ዝርያ የሚገኘው ለስላሳ ፀጉር ቶሎ ይያያዛል፣ ቀለሙም ያምራል። ግን ከጎን ጋር ሲፋተግ ላዩ ላይ ጥቃቅን እንክብሎች ያወጣል። ኮሪዴል የሚባለው ሌላ ዝርያ ፀጉሩ ጠንከር ይላል፣ ሸክምም ይችላል። ስለዚህ ሰውነቱን በኮሪዴል፣ ላዩን በስስ ሜሪኖ አደረግኩት። ለአንገት ልብስ ቢሆን ምርጫዬ ሌላ ነበር።

መጀመሪያ ናሙና ሠራሁ። 40 ግራም ባዘቶ (የተባዘተ የበግ ፀጉር)፣ 30 በ30 ሳንቲሜትር ላይ። ታሽቶ ሲያልቅ 20 በ20 ሆነ። 30ን ለ20 ስታካፍሉት 1.5 ይመጣል። ይህቺ ቁጥር የሥራው ሁሉ ቁልፍ ናት። የምፈልገው ቦርሳ ወርዱ 36፣ ቁመቱ 34 ሳንቲሜትር ነው። በ1.5 ሲባዛ 54 በ51 ይሆናል። ፀጉሩንም በዚያው ናሙና አሰላሁት፤ ለሁለቱም ገጽ 245 ግራም ገደማ ወጣ። የሌላ ሰው ቁጥር መገልበጥ አይጠቅምም። በጉ ሲለያይ፣ አነጣጠፉ ሲለያይ፣ የእጅ ጉልበት ሲለያይ ቁጥሩም ይለያያል።

ከዚያ ከወፍራም ላስቲክ በ54 በ51 ልክ ቆረጥኩ፤ የታች ጥጎቹን ክብ አድርጌ። ይህ ላስቲክ መሃል ገብቶ ሁለቱ ገጾች እንዳይጣበቁ ይለያል። ስፌት የማያስፈልገው ለዚህ ነው። ባዘቶውን በስሱ እየመዘዝኩ ላስቲኩ ላይ አነጠፍኩ። አንዱን ንብርብር ወደ ቁመት፣ ቀጣዩን ወደ ጎን፣ ልክ እንደ ድርና ማግ። በያንዳንዱ ገጽ 4 ንብርብር፣ አንዱ 30 ግራም ገደማ። አንድ ወፍራም ንብርብር ከማንጠፍ አራት ስስ ይሻላል። ጨርሳችሁ በመዳፍ ጫን ጫን በሉት። የሚሰምጥ ቦታ ካለ እዚያ ሳስቷል ማለት ነው፤ ጨምሩበት። በጎንና በታች ከላስቲኩ ትንሽ እንዲያልፍ አድርጌ፣ ካረጠብኩት በኋላ ገልብጬ ትርፉን ወደ ሌላው ገጽ አጠፍኩ። የላይኛው አፍ ክፍት ነው።

ማንገቻው አስቀድሞ ተሠርቷል። ረዥም ባዘቶ በሳሙና ውሃ እያንከባለልኩ ገመድ አደረግኩት። የሁለቱን ጫፍ 10 ሳንቲሜትር ያህል ግን ደረቅና ያልታሸ ተውኩት። ደረቁን ጫፍ ዘርግቼ በሁለተኛውና በሦስተኛው ንብርብር መሃል አስገባሁት። ሲታሽ ከሰውነቱ ጋር አንድ ይሆናል። የተረፈውን ገመድ በፌስታል ጠቅልሉት፤ አለበለዚያ ቦርሳው ላይ ተጣብቆ ይቀራል።

አሁን ወደ አበባው። ማስጌጫው ከሥሩ ካለው ፀጉር ጋር አብሮ ይጠባል። 9 ሳንቲሜትር አድርጋችሁ ያስቀመጣችሁት አበባ 6 ሆኖ ይወጣል። ልቅ ባዘቶ ካስቀመጣችሁ ጠርዙ ይደበዝዛል፣ ቀለም በውሃ የፈሰሰ ይመስላል። ጥርት ያለ ጠርዝ የሚፈልግ ሰው በግማሽ የታሸ ስስ ፌልት ቀድሞ ሠርቶ በመቀስ ይቁረጥ። እኔ ቅጠሎቹን በዚህ፣ አበባውን በልቅ ባዘቶ ሠራሁ። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሆኑ ደስ ይላሉ። ሌላው ነገር፣ የሥረኛው ፀጉር በማስጌጫው መሃል ወደ ላይ ብቅ ይላል። ጥቁር ላይ ስስ ነጭ ካደረጋችሁ ግራጫ ይሆናል፤ ነጩን ወፈር አድርጉት። ሐር ደግሞ ራሱ አይቆላለፍም። የሚይዘው በውስጡ ያለፈው የበግ ፀጉር ነው፤ ስለዚህ በስሱ በተን ይደረግ።

በማዕከላዊ እስያ የሚኖሩት ኪርጊዞች በፌልት ምንጣፋቸው ይህን ሁሉ ከጥንት ያውቁታል። አላ ኪዪዝ የሚሉት ንድፉ በእርጥቡ አብሮ የሚታሸው ነው፤ ሺርዳክ ግን ፌልቱ ተቆርጦ የሚሰፋው። ዩኔስኮ ሁለቱን በ2012 እ.ኤ.አ. አስቸኳይ ጥበቃ የሚሹ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷቸዋል። የእኔ ቦርሳ ወደ አላ ኪዪዝ ያደላል።

ማሸቱ ቀስ ተብሎ ይጀመራል። ላዩን በስስ የመጋረጃ ጨርቅ ሸፍኜ ለብ ያለ የሳሙና ውሃ ረጨሁበት። አረፋው ከበዛ ፀጉሮቹ ይንሳፈፋሉ እንጂ አይያያዙም። መጀመሪያ መጫን ብቻ፣ ከዚያ በቀላሉ ማሸት። ማስጌጫው ቦታ ሳይዝ ጉልበት ካበዛችሁ አበባው ይሄዳል። መድረሱን ለማወቅ ላዩን በሁለት ጣት ቆንጠጥ አድርጉ። ነጠላ ፀጉር ተነጥሎ ከመጣ ገና ነው። ሙሉው ጨርቅ አብሮ ከተነሳ ደርሷል።

ያኔ ላስቲኩን አወጣሁ። በዚህ ሰዓት ጎኑ ላይ ጉብ ያለ መስመር ይታያል፤ የታጠፈው ትርፍ የተደራረበበት ነው። እጄን ወደ ውስጥ አስገብቼ መስመሩን ወደ ጎን እየለጠጥኩ አሸሁት። ይህ ቶሎ ካልተደረገ እዚያው ይደርቃል፣ በኋላ አይጠፋም።

ቀጥሎ በፎጣ ጠቅልሎ ማንከባለል ነው። ቦርሳው የሚጠበው በተንከባለለበት አቅጣጫ ነው። ስለዚህ በየመሃሉ ሩብ ዙር አዞርኩት፣ ገለበጥኩትም። ሜትር አጠገቤ ነበር። ወርዱ 36 ገብቶ ቁመቱ 38 ላይ ሲቆም፣ የቀረውን በቁመቱ ብቻ አንከባለልኩ። በመጨረሻ ሙቅ ውሃ እያፈሰስኩ ጠረጴዛ ላይ ወረወርኩት፣ ደጋግሜ። ብዙ ሰው የሚያቆመው ከዚህ በፊት ነው፤ ለስላሳና ቆንጆ ሆኗላ! ግን ያ ቦርሳ ሁለት መጽሐፍ ሲገባበት ይረግባል። ላዩ የጠጠር መልክ እስኪያወጣና ሲጎተት እምቢ እስኪል ቀጥሉ።

ሳሙናው በቀዝቃዛ ውሃ ይለቅለቅ። በመጨረሻው ውሃ ላይ ትንሽ ኮምጣጤ ጨመርኩ፤ የቀረውን ሳሙና ያነሳል። ከዚያ በላስቲክ የተጠቀለለ ካርቶን ውስጡ ከትቼ አደረቅኩት። እርጥብ ፌልት በምን ቅርጽ ከደረቀ ያንኑ ይይዛል፤ የቦርሳው ታች ጠፍጣፋ የሆነው በዚህ ነው። አፉን በመቀስ አስተካክዬ ከጥጥ ገበር አደረግኩለት። ገበሩ የተሰፋው ከአፉ ሥር ዙሪያውን ብቻ ነው፤ ታቹ ልቅ ነው። ፌልቱ በሸክም ትንሽ ሲለጠጥ ገበሩ እንዳይቀደድ።