የእማዬ ባትሪ አላረጀም ነበር

እማዬ ሰሞኑን ስልኳ አስመርሯታል። «ጠዋት ሞልቼው ለምሳ አይደርስም፣ ባትሪው አርጅቷል፣ ላስቀይረው ነው» ትላለች። ተቀብያት አየሁት። ስክሪኑ ላይ ከላይ፣ ከሰዓቱ ጎን፣ ትንሿ የቁልፍ ምልክት አለች። ቪፒኤን! ዳታውን ቆልፎ በሌላ ሰርቨር በኩል የሚያሳልፍ፣ የተዘጋውንም የሚከፍት አፕ ማለት ነው።

የጫንኩላት እኔ ነኝ። የካቲት 2015 ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ሲዘጉ ከልጅ ልጆቿ ድምፅ እንዳትለይ ብዬ ነው። ከአምስት ወር በኋላ፣ ሐምሌ ላይ ተከፈተ። ቪፒኤኑ ግን ሁሌም እንዲበራ አድርጌው ስለነበር ይኸው እስከ ዛሬ ቀንም ሌትም ይሠራል።

ብዙ ሰው ባትሪውን የሚበላው ኢንክሪፕሽኑ ይመስለዋል። እሱም ሥራ ነው፤ የሚወጣው ዳታ ሁሉ ይቆለፋል፣ የሚገባው ይፈታል። ግን የአሁኖቹ ስልኮች አብዛኞቹ ለዚህ ተብሎ የተሠራ ነገር ፕሮሰሰራቸው ውስጥ ስላለ ብዙም አይከብዳቸውም። ትልቁ ጣጣ እንቅልፍ ማጣት ነው። ስልክ ኪስ ውስጥ ሲገባ ማረፍ አለበት። ቪፒኤን ደግሞ ከሰርቨሩ ጋር ያለው መስመር እንዳይቋረጥ (መሃል ያለው ኔትወርክ ዝም ያለን መስመር ቶሎ ይረሳል) በየጊዜው «አለሁ» የሚል ትንሽዬ መልእክት ይልካል። መልእክቷ ኢምንት ናት፤ እሷን ለመላክ ግን የሞባይል ዳታው ይነቃል፣ ከላከም በኋላ ሌላ ነገር ይመጣ እንደሆነ ብሎ ለጥቂት ሰከንዶች ሳይተኛ ይጠብቃል። ዋየርጋርድ በሚባለው የቪፒኤን ዓይነት ላይ፣ «አለሁ» በየስንት ጊዜው ይላክ ለሚለው ሰው በተለምዶ የሚሞላው 25 ሰከንድ ነው። በሰዓት 144 ጊዜ መቀስቀስ ማለት ነው! ኔትወርክ ደካማ የሆነበት ሰፈር ደግሞ ይብሳል፤ ስልኩ ለመሰማት ጉልበት ይጨምራል፣ መስመሩ በተቆረጠ ቁጥር ቪፒኤኑ ግንኙነቱን እንደ አዲስ ይጀምራል። የእማዬ ቤት እንደዚያ ነው፣ ሳሎን ውስጥ የኔትወርክ ምልክቱ ከመስመሮቹ አንዷን ብቻ ነው የሚያሳየው።

ለደህንነቱ ብሎ ቪፒኤን የሚጠቀም ሰው ለባትሪ ሲል ያጥፋው አልልም፣ በፍጹም። እሱ በቪፒኤኑ አፕ ሴቲንግ ውስጥ ፕሮቶኮል (የግንኙነቱ ዓይነት) የሚለውን ይክፈትና ዋየርጋርድ ካለ ይምረጥ። ዋየርጋርድ የሚልከው ከሌለው ዝም ይላል፤ ያ የ25 ሰከንዱ ነገር ካልሞሉት በስተቀር አይሠራም። ይሄ «አለሁ» ማለቱ ሲጠፋ አንዳንድ መልእክት ሊዘገይ እንደሚችል ግን ይወቅ። አፑ የሚፈቅድ ከሆነም ለአንድ ሁለት አፕ ብቻ እንዲሠራ ማድረግ ይቻላል። ማስታወቂያ የሚያግተለትሉትን ነፃ ቪፒኤኖች ግን እኔ አልወዳቸውም። ማስታወቂያውም ለብቻው ዳታና ባትሪ ይበላል።

ለእማዬ ግን ቪፒኤኑ ዛሬ ምንም አያደርግላትም። አጠፋሁት፣ ቁልፏም ከላይ ጠፋች። በማግስቱ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ደወለችልኝ። «ዛሬ ቻርጀሩን አልነካሁትም» አለችኝ፤ ባትሪ ለማስቀየር ያስቀመጠችውንም ብር ለዕድሯ ልትከፍልበት ነው።