የጤና ባለሙያዎችን ጭንቀት ስንለካ ያበላሸነው ደረጃ

በኮሮና ጊዜ ሐዋሳ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የሠራተኞችን ጭንቀት የመለካት ሥራ ላይ ነበርኩ። ሥራው በአብዛኛው ቀላል ነው። አንዱን ደረጃ ግን አበላሸነው፤ እሱ የቀረውን ሁሉ ከንቱ አደረገው። አስቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ወራት አላባክንም ነበር።

ቀላሉን ላስቀድም። መለኪያው ጋድ-7 ይባላል። ስላለፉት 2 ሳምንታት 7 ጥያቄ ይጠይቃል፤ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይሰጣል፤ ድምሩ እስከ 21 ይደርሳል። ከ5 ጀምሮ ቀላል፣ ከ10 መካከለኛ፣ ከ15 ከባድ ነው። 10 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው በባለሙያ መታየት አለበት፤ ቅጹ ብቻውን በሽታ አይሰይምም። ከሌሊት ዲዩቲ በወጡበት ጠዋት አታስሞሉ፤ እንቅልፍ ማጣትና ቡና ብቻቸውን ነጥቡን ከፍ ያደርጉታል።

የተበላሸው የቅጹ ራስጌ ላይ ነው። «ሙሉ ስም፣ የሥራ ክፍል፣ ፊርማ» ይላል። ከበላይ የመጣው መመሪያ ለክትትል ስም ያስፈልጋል ይል ነበር። እኔም ሳልከራከር አባዛሁት፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። የየዋርዱ ኃላፊ ሰበሰቡ፤ የተመለሰው ከሞላ ጎደል ዜሮ በዜሮ ነበር። ለይቶ ማከሚያ ውስጥ ጋውን ለብሶ፣ ውኃ ሳይጠጣ ሲቆም የሚውል ሰው «ፈጽሞ አልተጨነቅኩም» ብሎ ፈረመ። ሪፖርቱ ወደ ላይ ወጣና «ሠራተኞቻችን ደህና ናቸው» ተብሎ ተነበበ። የሳይካትሪ (የአእምሮ ሕክምና) ነርስ ይመደብልን ብለን ያቀረብነው ጥያቄም በዚያው ሪፖርት ተዘጋ።

ሰዉ ለምን ዋሸ? አልዋሸም፤ ራሱን ጠበቀ። ቅጹን የሚሰበስቡት የዲዩቲ ፕሮግራም የሚያወጡትና የሥራ አፈጻጸም የሚሞሉት ሰዎች ናቸው። የጽዳት ሠራተኛዋ በኮንትራት ነው የምትሠራው፤ «ተጨንቃለች» ከተባለች ውሏ እንዳይቋረጥ ትፈራለች። በእኛ አገር ደግሞ «ጭንቀት» የሚለው ቃል ፊርማ ሲታከልበት «አእምሮው ተነክቷል» ወደሚል ወሬ ለመዞር ጊዜ አይፈጅበትም።

ስለዚህ መመሪያው ምንም ይበል፣ ስም አታስጽፉ። ዕድሜና ሙያንም አውጡ፤ አንድ የሰመመን ባለሙያ ብቻ ባለበት ክፍል «ሙያ፦ ሰመመን» ማለት ስሙን መጻፍ ነው። ከ10 ሰው በታች ያሉበትን ክፍል ከሌላ ጋር አዋህዱ። መልሱ ምልክት ማድረግ ብቻ ይሁን፤ የእጅ ጽሕፈት ይታወቃል። ቁልፍ ያለው ሣጥን ልብስ መቀየሪያው ጋ ይቀመጥ፣ ኃላፊ ቢሮ በር ላይ አይሁን፤ ቁልፉን የሚይዘውም የሳይካትሪ ነርስ እንጂ ሌላ አይሁን።

ስም ከሌለ ከባድ ነጥብ ያለውን ማን ይረዳዋል? ከቅጹ ግርጌ በመቀስ የሚቆረጥ ቁራጭ አድርጉ። የነጥቡ ትርጉምና የነርሱ ስልክ እሱ ላይ ይጻፍ፤ ሰውየው ራሱ ደምሮ ቁራጩን ኪሱ ይክተት። ጋድ-7 ራስን ስለማጥፋት አይጠይቅም። በዚህ ምክንያት ቁራጩ ላይ በጉልህ ጻፉ፦ «ሕይወቴን ላጥፋ የሚል ሐሳብ ከመጣብዎ ሳይደምሩ ዛሬውኑ ይደውሉ።» ልብስ አጣቢዎችን፣ ጥበቃዎችንና የአምቡላንስ ሹፌሮችን አትርሱ። ማንበብ ለማይችል ከአለቆቹ ውጭ የሆነ ሰው ያንብብለት፤ የሲዳምኛው ትርጉም አስቀድሞ ተሠርቶ በወረቀት ይቅረብ እንጂ እዚያው በቃል አይተርጎም።

ነጥቡ ምን እንደሚስተካከል አይነግራችሁም። ሌላ ወረቀት ጨምሩና «ከሁሉ በላይ የሚያስፈራህ ምንድን ነው?» ብላችሁ ምልክት በሚደረግባቸው ምርጫዎች ጠይቁ። ከእኛ ዘንድ ጎልቶ የመጣው ቫይረሱን ቤት ይዞ መግባት ነበር። አንድ ቧንቧና አንድ መጸዳጃ ቤት ከጎረቤት ጋር በሚጋራ ግቢ የሚከራይ ነርስ ቤቱ ገብቶ «ማስኩን ሳወልቅ ፊቴን ነክቼው ይሆን?» እያለ ያድራል። መድኃኒቱ አጠገቡ ቆሞ የማውለቂያውን ቅደም ተከተል ጮክ ብሎ የሚያነብለት ሰው ነው፦ ጓንት፣ ጋውን፣ እጅ መታጠብ፣ መነጽር፣ በመጨረሻ ማስኩን ከኋላ ባለው ማሰሪያ፣ እንደገና እጅ መታጠብ። የደከመ ሰው የሚሳሳተው ሲለብስ ሳይሆን ሲያወልቅ ነው። መጋዘን ውስጥ የቀረውን የማስክ ብዛትም በየቀኑ በር ላይ ለጥፉ፤ ቁጥሩ ትንሽ ቢሆን እንኳ አለማወቁ ይብሳል።

ሁሉንም ሰብስቦ ያዩትን አሰቃቂ ነገር በግድ ማስወራት የሚባለውን አልቀበልም። የዓለም ጤና ድርጅትም አይመክረውም። ማውራት ለፈለገ ሰው ጊዜና ሰሚ ይገኝለት፤ ዝም ያለውን ተዉት።

ስም የሌለውን ቅጽ ስታስሞሉ ነጥቡ ሽቅብ ይወጣል። የእኛም ወጣ፤ ከላይ የመጣው ጥያቄ «ምን አድርጋችሁ ነው ያስጨነቃችኋቸው?» የሚል ነበር። ሁለተኛውን ሪፖርት ከመላካችሁ በፊት የመጀመሪያው ገጽ ላይ «የመጀመሪያው ዙር በስም የተሞላ ስለሆነ አይወዳደርም» ብላችሁ ጻፉ፤ ማህተምም አስመቱበት።