የሪል ታይም ዳታ መሰብሰቢያ ሙከራዬ የት ደረሰ?

በኤፍፒጂኤ (የውስጥ ሰርኪዩቱን ተጠቃሚው ራሱ የሚቀርጸው ቺፕ) ቦርድ ላይ የምሰራት ትንሽ የዳታ መሰብሰቢያ አሁን ሁለት ቻናል ታነባለች። ለእያንዳንዱ ፐልስ (አጭር የኤሌክትሪክ ምልክት) የደረሰበትን ሰዓት ትመዘግባለች፣ አንድ ላይ የመጡትን ለይታ ወደ ኮምፒውተር ትልካለች። ዲቴክተር (ቅንጣት ወይም ጨረር ሲያገኘው ፐልስ የሚሰጥ መሳሪያ) ገና አልገጠምኩላትም። ፐልሶቹን እዚያው ቦርዱ ውስጥ በዘፈቀደ አመነጫቸዋለሁ። ምን እንዳስገባሁ ስለማውቅ የወጣውን ማመሳከር አይከብደኝም።

በዚህ ስራ ከሁሉ በላይ የሚያስቸግረው ፐልሶቹ ተራ ጠብቀው አለመምጣታቸው ነው። አንዱን ፐልስ ለማስተናገድ 1 ማይክሮሰከንድ ይፈጃል እንበል። በሰከንድ በአማካይ 500,000 ፐልስ ቢመጣ በመካከላቸው በአማካይ 2 ማይክሮሰከንድ አለ። ይበቃል ያሰኛል፣ ግን አይበቃም። አንዴ ተከታትለው ይወርዳሉ፣ አንዴ ጭር ይላል። መጠበቂያ ከሌለ ከሶስት ፐልስ አንዱ ይጠፋል። ከፊት ስምንት ፐልስ የሚይዝ ፊፎ (ቀድሞ የገባው ቀድሞ የሚወጣበት መጠበቂያ) ሲገባ ግን የሚጠፋው ከ10,000 አንድ እንኳ አይሞላም። የማስተናገጃው ፍጥነት ያው ነው፤ የተጨመረው ወረፋ መያዣ ብቻ ነው።

በአውሮፓ የቅንጣት ፊዚክስ ማዕከል በሰርን ውስጥም መላው ይኸው ነው፣ መጠኑ ነው የሚያስደነግጠው። በትልቁ ሃድሮን ኮላይደር የፕሮቶን ጥቅሎች በየ25 ናኖሰከንዱ ይገናኛሉ፣ በሰከንድ ወደ 40 ሚሊዮን ጊዜ። ከኮላይደሩ ዲቴክተሮች አንዱ የሆነው የሲኤምኤስ የመጀመሪያ ትሪገር (የትኛው ዳታ እንደሚያልፍ የሚወስነው መራጭ) ከዚህ ውስጥ 100,000 ገደማውን ብቻ ያሳልፋል። ለመወሰን ያለው ጊዜ 4 ማይክሮሰከንድ አካባቢ ነው። እስከዚያ ከ100 በላይ ግንኙነቶች ዳታ ዲቴክተሩ ላይ ተሰልፎ ይጠብቃል። ያልተመረጠው አንዴ ካለፈ አይመለስም። (ሌላው የኮላይደሩ ዲቴክተር ኤልኤችሲቢ ግን እ.ኤ.አ. በ2022 ከጀመረው ዙር ወዲህ የሃርድዌር ትሪገሩን አስወጥቶ የመጀመሪያውን ምርጫ በጂፒዩ፣ ማለትም በግራፊክስ ፕሮሰሰር፣ ይሰራል። በጣም የምወደው ውሳኔ ነው።)

ለታካሚው ከተሰጠ ጨረር አመንጪ መድሃኒት ተነስቶ የሰውነትን ውስጥ ምስል የሚሰራው የህክምናው ፔት ስካነር ላይ ምርጫው ሌላ መልክ አለው። ከመድሃኒቱ የሚወጣው ፖዚትሮን (የኤሌክትሮን ፀረ-ቁስ አቻ) ከኤሌክትሮን ጋር ሲጠፋፋ እያንዳንዳቸው 511 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት የያዙ ሁለት ፎቶኖች በተቃራኒ አቅጣጫ ይወጣሉ። ስካነሩ እነዚህን ሁለቱን በሰዓታቸው ማጣመር አለበት። ችግሩ፣ ምንም ዝምድና የሌላቸው ፎቶኖችም በአጋጣሚ እኩል ይደርሳሉ፤ ምስሉን የሚያደበዝዙትም እነሱ ናቸው።

ይህን በቁጥር ማየት ፈለግኩ። የቦርዱን ምት የሚሰጠው ክሎኬ 250 ሜጋኸርዝ ስለሆነ አንድ ምት 4 ናኖሰከንድ ነው። ልዩነታቸው ከአንድ ምት ያልበለጡ ጥንዶችን እቀበላለሁ። አንድ ምት የቀደመ፣ እኩል የመጣ፣ አንድ ምት የዘገየ፦ በድምሩ 12 ናኖሰከንድ። በእያንዳንዱ ቻናል በሰከንድ 100,000 ፐልስ ስለቅ ስሌቱ 120 የአጋጣሚ ጥንድ ይላል። ቆጣሪውም እዚያው አካባቢ ይዋልላል። ሁለቱንም ቻናል እጥፍ ሳደርግ ወደ 480 ወጣ። እውነተኛ ጥንዶች በእጥፍ ሲጨምሩ የአጋጣሚዎቹ አራት እጥፍ ይሆናሉ። ለታካሚው የሚሰጠውን ጨረር አመንጪ መድሃኒት ዝም ብሎ መጨመር ምስሉን የማያጠራው አንዱም በዚህ ነው።

የአጋጣሚዎቹን ብዛት ለማወቅ ደግሞ ቀላልና ድንቅ ዘዴ አለ። የአንዱን ቻናል ሰዓት ሆን ብሎ ማዘግየት ነው። እኔ በ100 ምት አዘገየሁት። ያኔ እውነተኛ ጥንድ ሊገጣጠም አይችልም፣ የሚቆጠረው ሁሉ አጋጣሚ ነው። ያንን ከዋናው ቆጠራ ስቀንስ፣ ሆን ብዬ ከጨመርኳቸው እውነተኛ ጥንዶች ቁጥር ጋር ተቀራረበ። የፔት ስካነሮችም ይህንኑ ዘዴ ይጠቀሙበታል።

የሚቀጥለው የሰዓቱ ጥራት ነው። ብርሃን በአንድ ናኖሰከንድ 30 ሴንቲሜትር ስለሚሄድ፣ በ4 ናኖሰከንድ ምት ፎቶኖቹ ሁለቱን ዲቴክተሮች ከሚያገናኘው መስመር የትኛው ቦታ እንደተነሱ መለየት አይቻልም። 200 ፒኮሰከንድ ላይ ከተደረሰ ግን ቦታው ወደ 3 ሴንቲሜትር ይጠብባል። ለዚህ የኤፍፒጂኤውን ካሪ ቼይን (ለመደመሪያ የተሰራ ተከታታይ የፈጣን ደረጃዎች ሰንሰለት) እንደ መዘግየት መስመር ልጠቀምበት ነው። የየደረጃው መዘግየት እኩል ስላልሆነ በዘፈቀደ ፐልስ መለካት አለበት። አሁን ያለኝ የፐልስ ምንጭ ከራሱ ክሎክ ጋር የታሰረ ነው፣ ለዚህ አይሆንም። ስለዚህ መጀመሪያ የራሱ ክሎክ ያለው ምንጭ ከቦርዱ ውጭ እሰራለሁ።