ሐይቅን ከቅሬው ጋር መጠበቅ፦ የመረብ ዓይን፣ የማለዳ ሚዛንና የዳር ደንብ

ስለ ዓሣ ጥበቃ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ዘብና ቅጣት ነው። እኔ በሐይቅ ዳርቻ ከነባሩ ማኅበረሰብ ጋር ስሠራ ያየሁት ግን ጭቅጭቁ አብዛኛው ከልኬት የሚመጣ መሆኑን ነው። መረብህ ጠባብ ነው፣ አይደለም፤ ዓሣው ቀንሷል፣ አልቀነሰም። ሁሉም እያየ፣ ሁልጊዜ በአንድ መንገድ ከተለካ ደንቡን የሚያስከብር ሰው አይታጣም። ስለዚህ እዚህ የምጽፈው ባመዛኙ ስለ አለካክ ነው።

መጀመሪያ ውሃውን እንወቀው። ሐይቅ ተብሎ የሚጠራው ይህ የወሎ ሐይቅ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በተሁለደሬ ወረዳ ይገኛል። ስፋቱ 23 ስኩዌር ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፤ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ያልፋል። ከላይ ያለው የአርዲቦ ሐይቅ ውሃ በአንከርካ ወንዝ በኩል ይገባበታል፤ ከሐይቅ ግን የሚወጣ ወንዝ የለም። የገባው አፈርም ማዳበሪያም ፀረ ተባይም እዚያው ይከማቻል ማለት ነው። ዛሬ ገበያውን የያዘው ቆሮሶ (ቲላፒያ) እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ተለቆ የተባዛ እንጂ የሐይቁ ነባር ዓሣ አይደለም። አምባዛና ካርፕም ይጠመዳሉ። በመዝገብ ላይ ሦስቱን ለየብቻ መጻፍ ግድ ነው፤ «ዓሣ፦ 40 ኪሎ» የሚል መዝገብ የትኛው እየጨመረ የትኛው እየቀነሰ እንደሆነ አይናገርም።

አሁን ወደ ቆጠራው። በየሪፖርቱ የሚሰፍረው የጀልባና የአጥማጅ ቁጥር ነው፤ ይህ ያሳስታል። አንድ ጀልባ አምና አራት መረብ ይዞ ወጥቶ 20 ኪሎ ያመጣ ነበር እንበል። ዘንድሮ ስምንት መረብ ይዞ ያንኑ 20 ኪሎ ቢያመጣ፣ በጀልባ ለሚያሰላ ሰው ምንም አልተለወጠም። በመረብ ሲሰላ ግን ከ5 ኪሎ ወደ 2.5 ኪሎ ወርዷል፤ ግማሹ ሄዷል። አጥማጁ ራሱ ይህን ያውቀዋል፤ መረብ የጨመረው ለዚህ ነው። ስለዚህ መለኪያው «100 ሜትር መረብ በአንድ ሌሊት ስንት ኪሎ ያዘ» ይሁን። 60 ሜትር የሆነ መረብ 0.6 ተብሎ ይቆጠራል። የተጣለበትና የተነሳበት ሰዓት አብሮ ይጻፋል፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ንጋት 12 ሰዓት ውሃ ውስጥ ያደረን መረብ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ከተጣለው ጋር ማወዳደር አይቻልም።

ባዶውን የገባ ጀልባም ይመዝገብ። መዝጋቢው ሚዛን ላይ የሚያስቀምጠው ነገር ስለሌለ ይዘለዋል፤ የዜሮ ሌሊቶች ከተዘለሉ አማካዩ ሁልጊዜ ጥሩ መስሎ ይታያል። ሐይቁ እየተጎዳ ቁጥሩ የማይነቃነቅበት ዋናው ምክንያት ይኸው ነው ብል አላጋንንም።

ሌላው ችግር ፊሌቶ፣ ማለትም አጥንቱ የወጣለት የዓሣ ሥጋ ነው። የደሴ ሆቴሎች አጥንቱ ወጥቶለት የመጣ ዓሣ ስለሚመርጡ ብዙው ዓሣ ዳር ላይ ይበለታል። ቆሮሶ ሲበለት የሚተርፈው ሥጋ ከሙሉው ክብደት ሲሶ ያህል ብቻ ነው። 10 ኪሎ ፊሌቶ በየቀኑ የሚረከብ ነጋዴ ወደ 30 ኪሎ ዓሣ እየወሰደ ነው። መዝጋቢው ከመበለቱ በፊት መድረስ አለበት፤ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ቢመጣ የሚያገኘው ቅርፊትና አጥንት ነው። የሁዳዴ ጾም ሲገባ ደግሞ የዓሣ ፈላጊው ቁጥር ስለሚያሻቅብ በነዚያ ሳምንታት መዝጋቢ መቀነስ አይገባም።

የመረቡን ዓይን መለካት ቀላል ይመስላል፤ ክርክሩ ግን እዚህ ላይ ይበረታል። አንድ ዓይን በሁለት መንገድ ይለካል። አንደኛው የጎኑ ርዝመት ነው፣ ከቋጠሮ እስከ አጠገቡ ያለው ቋጠሮ። ሁለተኛው ተወጥሮ ሲዘጋ ከቋጠሮ እስከ ተቃራኒው ቋጠሮ ያለው ነው፤ ይህኛው የመጀመሪያው እጥፍ ይሆናል። ሻጩ «ባለ 4 ነው» ሲል በጎኑ ከሆነ ተወጥሮ 8 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ተወጥሮ ከሆነ ግን ለጫጩት የተሠራ ወጥመድ ነው። በደንቡ ላይ «ተወጥሮ» የሚለው ቃል መጻፍ አለበት።

አለካኩ እንዲህ ነው። ደረቅና እርጥብ መረብ እኩል ስለማይወጠሩ መጀመሪያ ውሃ ውስጥ ይነከራል። በአንድ መስመር የተደረደሩ 10 ዓይኖች ይወጠሩና በሜትር ይለካሉ፤ የተገኘው ለ10 ይካፈላል። ይህ ከመረቡ ሦስት ቦታ ላይ ይደገማል፣ ከላይ፣ ከመሃልና ከታች፤ የተጠገነበት ቦታ ብዙ ጊዜ ከሌላው ስለሚጠብ እሱን አይቶ መፍረድ አይገባም። ለዕለት ተዕለቱ ደግሞ ስፋቱ ልክ በስምምነቱ የሆነ ጠፍጣፋ የአሉሚኒየም ቁራጭ ብረታ ብረት ቤት ማስቆረጥ ነው። ቁራጩ ሳይገፋ በተወጠረው ዓይን ካለፈ መረቡ አለፈ። ከጣውላ የተሠራ ውሃ መጥጦ ያብጥና ትክክለኛውን መረብ ይጥላል። ቁራጮቹ በአንድ ቀን፣ ከአንድ ልክ ላይ ይቆረጡ፤ አንዱ ቅሬው (የመንደሩ መቀባበሪያና መረዳጃ ማኅበር) ዘንድ፣ አንዱ አጥማጆቹ ዘንድ፣ አንዱ መዝጋቢው ዘንድ ይቀመጥ።

ዓይኑ ሰፊ ሆኖም ትንንሽ ዓሣ የሚይዝ መረብ አለ፤ ምክንያቱ አሰቃቀሉ ነው። 100 ሜትር የተወጠረ መረብ 50 ሜትር ገመድ ላይ ከተሰቀለ ዓይኑ በልኩ ይከፈታል፤ ዓሣው በስንጥቡ ይያዛል፣ ትንሹ አልፎ ይሄዳል። ያው መረብ 30 ሜትር ገመድ ላይ ከታጨቀ ግን ይሸበሸባል፤ ያገኘውን ሁሉ በክንፉና በእሾሁ ጠምጥሞ ያስቀራል። መለካቱ ከባድ አይደለም፦ ገመዱ ላይ ሁለት ክንድ መርጦ ስንት ዓይን እንደታሰረበት መቁጠር ነው። ይህን ደንብ ላይ የጻፈ ሰው ብዙ አላየሁም፤ ከዓይኑ ስፋት እኩል ግን ይመዝናል።

የመራቢያ ወቅትን በተመለከተ፣ ከዝዋይ ወይም ከጣና የተቀዳ፣ ማጥመድ የሚከለከልበት የመዝጊያ ወር ሐይቅ ላይ አይሠራም። የውሃው ሙቀትም የዝናቡ ጊዜም ይለያያል። የሚሻለው በየወሩ ናሙና ወስዶ የራስን ማወቅ ነው። ከመረቡ እንዳለ፣ ሳይመረጥ፣ አንድ ቅርጫት ይወሰዳል፤ ትልልቁ ብቻ ከተሰጠህ ናሙናው ዋጋ የለውም። ርዝመቱ ከአፍንጫው ጫፍ እስከ ጅራቱ ጫፍ በመለኪያ ጣውላ ላይ ይለካል፣ ክብደቱ በግራም ይመዘናል፣ ሆዱ ተከፍቶ የእንቁላሉ ደረጃ ይታያል። ያልደረሰ እንቁልጢ (የእንቁላል ከረጢት) ቀጭንና ብርሃን የሚያሳልፍ ነው፤ የደረሰው ቢጫ ሆኖ እንቁላሉ በዓይን ይቆጠራል። ከሴቶቹ ግማሹ የደረሱበትን ርዝመት ካገኘን የመረቡ ዓይን ከዚያ በታች የሆነውን ማሳለፍ አለበት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። የቆሮሶ ሴት እንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ ነው የምታሳድገው። መረብ ላይ ስትፈራገጥ ትተፋቸዋለች። ዳር ስትደርስ አፏም ሆዷም ባዶ ስለሆነ «ያልወለደች» ተብላ ትመዘገባለች። ጀልባው ውስጥ ከሥር የቀረውን ውሃ ቢያዩት ቢጫ እንቁላሎች ይገኛሉ፤ በዚያ ጊዜ የተመዘገበው የመራቢያ መጠን ከእውነቱ ያነሰ እንደሆነ ማስታወሻ መጻፍ ያስፈልጋል።

ወር ከመዝጋት ይልቅ ቦታ መዝጋት ለክትትል ይቀልላል። ቆሮሶ ጎጆውን የሚቆፍረው ጥልቀት በሌለው፣ ፊላና ቄጤማ ባለበት ዳር ነው። በየሜትሩ የተቋጠረ ገመድ ጫፉ ላይ ድንጋይ አስሮ ጥልቀቱን እየለኩ መሄድ፣ ከዚያ ቢጫ ጀሪካን በድንጋይ አስሮ ወሰኑን ማቆም ነው። ከዳር ሆኖ ማንም ያየዋል። በዚያው ዳር የመስኖ ፓምፕ ካለ መምጠጫው ጫፍ ላይ ወንፊት ይታሰር፤ ያለ ወንፊት ጫጩቱ ወደ ማሳው ይሄዳል። ፊላው ተመንጥሮ እስከ ውሃው አፍ ሲታረስ ግን ወንፊቱም ጀሪካኑም አያድኑም።

ደንቡን ማን ያስከብር? በወሎ መልሱ ቅሬ ነው። እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ የሚቀባበርበት፣ የሚረዳዳበት ስለሆነ ከዳር የሚኖር ሰው ከቅሬው ፊት ዋሽቶ አያድርም። ይህ ጉልበት ግን በቁጠባ የሚያዝ ነው። ለጠባብ መረብ ሰውን ከቅሬ ማስወጣት ከጥፋቱ ጋር አይመጣጠንም፤ እንዲህ ያለ ቅጣት አንዴ ሲሞከር ዘመድ ከዘመድ ይቆማል፣ ደንቡም እዚያው ይፈርሳል። እየከበደ የሚሄድ ይሻላል፦ መጀመሪያ መረቡ ተይዞ ማስጠንቀቂያ፣ ቀጥሎ የገንዘብ ቅጣት፣ ከዚያ ጀልባው ለተወሰነ ጊዜ መታሰር፣ በመጨረሻ ወደ ወረዳው መምራት። በመርዝ ማጥመድ የወንጀል ጉዳይ ስለሆነ ቅሬ ላይ አይቆይም፤ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ።

ብዙ አጥማጅ የሰው መረብ ይዞ በእኩል ነው የሚሠራው። ቅጣቱ ጀልባ ላይ በተገኘው ልጅ ላይ ብቻ ካረፈ የመረቡ ባለቤት በማግስቱ ሌላ ልጅ ያሰማራል። ስለዚህ መረቡ ላይ የባለቤቱ ቁጥር የተጻፈበት ተንሳፋፊ ይታሰር፤ ቁጥር የሌለው መረብ ዓይኑ ሳይለካም ይነሳል። የሚለካው ሰውና የቅጣት ገንዘብ የሚይዘው ሰው አንድ አይሁኑ። ገንዘቡም ጠባብ መረብ ላስረከበ ሰው መለወጫ ይዋል። ስብሰባ ዓርብ ቀትርና እሁድ ጠዋት አይጠራም። ትልቅ ሰው ጋ ሲደረስ ደግሞ «ጋሼ፣ ከእኛ መረብ እንጀምር፣ ከዚያ የእርስዎን እናያለን» ብሎ መጀመር ግማሹን ሥራ ያቀላል።

ዓሣ በጅምላ ሞቶ ሲገኝ ወዲያው «ብርብራ ጨምረው ነው» ይባላል። የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ዓሣን የሚያፍን መሆኑ እውነት ነው፤ ግን ጥልቅ ሐይቅ ውስጥ ከታች ያለው ውሃ ኦክስጅን የለውም፣ ብርቱ ንፋስና ቀዝቃዛ ሌሊት ሲገናኙ ያ ውሃ ወደ ላይ ይመጣና ዓሣውን ይገድላል። ልዩነቱን ለማየት፦ ኦክስጅን ሲያልቅ ቀድመው የሚሞቱት ትልልቆቹ ናቸው፣ የሚገኙትም ንጋት ላይ በሰፊ ቦታ ነው፤ የቀሩት ከላይ አየር ሲጠጡ ይታያሉ። መርዝ ሲሆን ትንንሾቹ ይቀድማሉ፣ ሞቱም ከአንድ ጥግ ይጀምራል። አየር ከላይ መዋጥ የሚችለው አምባዛ ተርፎ ቆሮሶ ብቻ ካለቀ ኦክስጅኑን መጠርጠር ነው። የውሃ ናሙና ፀሐይ ሳትሞቅ ከላይና ከ10 ሜትር ጥልቀት ይወሰድ፤ እኩለ ቀን ላይ የተወሰደ ናሙና ምንም አያሳይም። የሞተውን ዓሣ ማንም እንዳይበላውና እንዳይሸጠው መከልከል ከምርመራው ይቀድማል።

ከዓሣው ሌላ የሐይቁ ወፎችም ይቆጠራሉ፤ የወፍ ቆጠራው አጭር ነው። በዓለም ዙሪያ የውሃ ወፎች የሚቆጠሩት በጥር ስለሆነ ከዚያ ጋር ማስኬዱ ለማነጻጸር ይጠቅማል። ዳርቻውን ከፋፍሎ፣ በአንድ ጠዋት፣ ሁሉም ቡድን በአንድ አቅጣጫ እየሄደ መቁጠር፤ አለበለዚያ የበረረው መንጋ ሁለቴ ይቆጠራል። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ደን ለወፎች ጥሩ መጠለያ ነው፤ ሴት ስለማይገባበት የዚያ ክፍል ቆጣሪዎች ወንዶች እንዲሆኑ አስቀድሞ መመደብና አበምኔቱን ማስፈቀድ ያስፈልጋል።

ጠልቀው የሚያድኑ ወፎችን በብዛት የሚገድለው የጠፋ መረብ ነው። ሜንጦ ከጀልባ ኋላ አስሮ፣ ቀስ እያሉ ከዳር ወደ ጥልቁ በመጎተት ይወጣል። የወጣውን ፊላ ውስጥ ጥሎ መሄድ አይገባም፤ ናይለን ስለማይበሰብስ እዚያም ወፍ ይይዛል። ገመዱ፣ እርሳሱና ተንሳፋፊው ተፈትተው ለሌላ መረብ ይዋላሉ፤ መረቡ ተቆራርጦ ከዳር ርቆ ይወገዳል።