ፎቶ ኮፒ ቤት የሄደው ፍላሽ

የመሥሪያ ቤታችን ኢሜይል ወደ አዲስ ሰርቨር በተዛወረ ማግስት ነው። ቢሮአችን ድሬዳዋ፣ ከዚራ ነው። የእያንዳንዱ ሠራተኛ ኢሜይል ይልካል? ይቀበላል? ብዬ የምፈትሸው እኔ ነኝ። ሰው ኢሜይሉን የሚከፍትበትን አውትሉክ መነካካት ስለማልወድ ተንደርበርድ ፖርተብል የሚባል ሌላ የኢሜይል ፕሮግራም በፍላሽ ይዤ እዞራለሁ። መጫን አያስፈልገውም። አካውንቱም፣ የወረደው ኢሜይልም እዚያው ፍላሹ ላይ ይቀመጣል። ይቺን ነገር ያዙልኝ።

የሒሳብ ክፍል ኃላፊዋ ጋ ደረስኩ። አይማፕ (ኢሜይሉን ሰርቨሩ ላይ እንዳለ የሚያሳየው መንገድ) በፖርት ቁጥር 993፣ መላኪያው በ587 ሠራ። ፖፕ3 (ኢሜይሉን ከሰርቨሩ የሚያወርደው መንገድ) በ995 ቀረኝ። የላክኋት የሙከራ መልእክት ሳጥናቸው ውስጥ እንዳትቀር ብዬ፣ "መልእክቶችን ሰርቨር ላይ ተው" የሚለውን ምልክት አነሳሁ። ንጽሕና መሆኑ ነው! ፖፕ ግን የኔን መልእክት ከሌላው አይለይም። ገቢ ሳጥን ውስጥ ያለውን ጠራርጎ ያወርድና ከሰርቨሩ ያጠፋል። እኔ ከጸሐፊዋ ጋር ወሬ ይዣለሁ። ሲጨርስ ዘግቼ ምሳ ወጣሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ።

"አንተ ልጅ፣ ኢሜይሌን የት አደረስከው? አንድ እንኳ የለም እኮ!"

የት እንዳለ ወዲያው ገባኝ። ፍላሹ ግን እኔ ጋ የለም። አንዱ ባልደረባዬ "አቦ፣ አንዴ ፕሪንት ላርግበት" ብሎ ፎቶ ኮፒ ቤት ወስዶታል። በባጃጅ ከነፍኩ። አምጥቼ ስሰካው ፎልደሮቹ በሙሉ ሾርትከት (አቋራጭ ምልክት ብቻ) ሆነዋል። ደግነቱ ይሄኛው ቫይረስ ይደብቃል እንጂ አያጠፋም። በአንቲቫይረስ አጸዳሁት፣ የተደበቀውን በአትሪብ ትእዛዝ ገለጥኩት። ተንደርበርድ ተከፈተ። ኢሜይሎቹ አሉ! ተመስገን።

የሳቸውን ሳጥን በአይማፕ ጨምሬ ኢሜይሎቹን ከፖፑ ወደ አይማፑ ኮፒ አደረግኩ። ኮፒ ነው ያልኩት፤ ከዚያ በኋላ ሙቭ የሚባል ነገር የሚነካ እጅ የለኝም። ኔትወርኩ እየተንፏቀቀ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ቆየ። ኃላፊዋ ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀምጠዋል።

"ይመጣል እትዬ፣ እየመጣ ነው።"

"እሱስ መጣ" አሉኝ። "የይለፍ ቃሌስ? እሱም ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዶ ነበር?"

ዝም አልኩ። ሥራ ለማቅለል ብዬ የሁሉንም "አስቀምጥ" እያልኩ ነበር የዋልኩት። ተንደርበርድ ደግሞ ዋና የይለፍ ቃል ካላበጁለት የተቀመጠውን ለከፈተው ሁሉ በግልጽ ያሳያል።

በማግስቱ ጠዋት የይለፍ ቃል ላስቀይር ከቢሮ ቢሮ ዞርኩ። ከሳቸው ጀምሬ።