ደጅ ጥናት በስልክ

ፈተናውን የጨረስኩ ቀን ችግሬ ሁሉ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ኤንክሌክስን ማለቴ ነው፤ አሜሪካ በነርስነት ለመሥራት ፈቃድ የሚያስገኘውን ፈተና። ከ85 እስከ 150 ጥያቄ፣ 5 ሰዓት። ኮምፒውተሩ አመላለስሽን እያየ ያከብዳል፣ ያቀላል። በቃኝ ሲል ራሱ ይቆማል። የእኔ 85 ላይ ቀጥ አለ። ማለፌን ይሁን መውደቄን ሳላውቅ ፓርኪንግ ውስጥ መኪናዬ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

ከዚያ በፊት ሐዋሳ 6 ዓመት ነርስ ነበርኩ። ሜሪላንድ ከመጣሁ በኋላ ደግሞ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ በጂኤንኤነት (የአረጋውያን ረዳት ነርስነት) ሳጥብ፣ ሳገላብጥ፣ ሳበላ 4 ዓመት አለፈኝ። የትምህርት ማስረጃዬ የውጭ አገር ነርሶችን ማስረጃ የሚመረምረው ሲጂኤፍኤንኤስ ዘንድ እስኪደርስ ብቻ ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረው። ከኮሌጄ ሬጅስትራር ጋር የተጨቃጨቅነው ራሱን የቻለ ታሪክ ነው፣ ሌላ ቀን።

ፈተናውን አልፌ ፈቃዱ እንደወጣልኝ አፕላይ ማድረግ ጀመርኩ። በሁለት ወር 23 ቦታ። ከሁሉም የሚመጣው መልስ አንድ ዓይነት ነው፤ «ማመልከቻዎ ደርሶናል፣ እናመሰግናለን»። ከዚያ ዝም።

እኔም ዝም። ከፈለጉኝ ይደውላሉ ብዬ። እናታችን «ዝም አይነቅዝም» እያለች ነው ያሳደገችን። አገር ቤት ማስታወቂያ ታነቢያለሽ፣ ማስረጃሽን ኮፒ አድርገሽ ታስገቢያለሽ፣ ያለፉት ስም ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ከዚያ በኋላ አለቃው ቢሮ እየተመላለሱ «እንዴት ሆነ?» ማለት ደጅ ጥናት ነው። ዘመድ ያለው ያስደውላል፣ የሌለው ይጠብቃል። እኔ ደግሞ በዚህ በኩል ኩራት ቢጤ አለብኝ።

ቤተ ክርስቲያን የምናውቃት አንዲት ትልቅ ሴት አለች። ሆስፒታል ውስጥ 20 ዓመት በነርስነት ስለሠራች ሁላችንም ሲስተር ነው የምንላት። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ያዘችኝ።

«ሥራው እንዴት ሆነ?»

«እየጠበቅኩ ነው።»

«ማንን?»

«እንዲደውሉልኛ!»

ነጠላዋን አስተካክላ ትክ ብላ አየችኝ። «አንቺስ ደወልሽ?»

«መጨቅጨቅ አይሆንም እንዴ ሲስተር?»

ሳቀች። ከዚያ ቁጭ አድርጋ አስረዳችኝ። ኤችአር (የሰው ኃይል ክፍሉ) ያለው ሪክሩተር፣ ሠራተኛ መልማዩ፣ ስንት ቦታ በአንድ ጊዜ የሚሞላ ሰው ነው። ዎርዱን የምትመራው ነርስ ማኔጀር ግን ሌላ ናት። ሌሊት ሰው የጎደለባት፣ ፕሮግራሙን መሙላት ያቃታት፣ በመጨረሻም እሺ ወይም አይሆንም የምትለው እሷ ናት። የምታየውም ሪክሩተሩ ያሳለፈላትን ብቻ ነው። «ወረቀትሽ እዚያ ከቀረ መፈጠርሽንም አታውቅ» አለችኝ።

የሚደወልበትን ሰዓትም ነገረችኝ። ጠዋትና ማታ ሰባት ሰዓት ላይ አይደወልም፣ ሺፍት መቀየሪያ ነው (በእኛ አንድ ሰዓት መሆኑ ነው፤ እኔ እስካሁን በልቤ ስድስት ሳልቀንስ ሰዓት አላነብም)። ሰኞ አይደወልም። ማክሰኞ ወይ ረቡዕ፣ ከምሳ በኋላ። ማስታወቂያው ላይ አትደውሉ ከተባለ ደግሞ አይደወልም፣ አለቀ።

እንግሊዝኛ አልፈራም። የስልክ እንግሊዝኛ ግን ሌላ ነገር ነው። ከንፈር አይታይም፣ ሰውየው ግራ ሲገባው ፊቱ አይነግርሽም። ስለዚህ የምለውን በሙሉ ኮስትኮ የሰጠኝ ደረሰኝ ጀርባ ላይ ጻፍኩት። ስሜን፣ ያመለከትኩበትን ቦታ፣ ቀኑን፣ ፈቃድ እንዳለኝ። «ሥራ ስጡኝ» የሚል የለበትም፣ ሲስተር ከልክላለች።

መጀመሪያ ስደውል ኦፕሬተሯ «የትኛዋ ማኔጀር?» አለችኝ። ዘጋሁት። ለምን እንደዘጋሁት አትጠይቁኝ። ሁለተኛው ላይ ከዎርዱ ጋር ተገናኘሁና ቮይስ ሜይል ሆነ። ደረሰኜን አንድ ፊደል ሳላስቀር አነበብኩት። እራት ሠርቼ ዕቃ ሳጥብ ትዝ አለኝ፤ ስልክ ቁጥሬን አልተናገርኩም! ደረሰኙ ላይ አልነበረማ።

በማግስቱ እንደገና ደውዬ ቁጥሬን ብቻ ተናገርኩ። ሦስት ቀን ጠብቄ ዝም ሲሉኝ የማኔጀሯን የሥራ ኢሜይል አፈላልጌ አምስት መስመር ጻፍኩላት። ያመለከትኩትን ቦታ ከነቁጥሩ፣ አገር ቤት ምን እንደሠራሁ፣ እዚህ ምን እንደምሠራ፣ ሌሊትም ቅዳሜና እሑድም መግባት እንደምችል። ያቺ የመጨረሻዋ መስመር ሳትሆን አትቀርም ያስመለሰቻት።

በሁለተኛው ቀን መለሰች። ማመልከቻዬን ኤችአርን ጠይቃ አስፈልጋዋለች። ፈቃዴ ሊረጋገጥ ስላልቻለ ወደ ጎን ተደርጎ ነበር።

እንዴት አልተረጋገጠም? ፈቃዴ ይኸው ፈቃድ ሰጪው የነርሶች ቦርድ ድረ ገጽ ላይ ይታያል! ራሴ ከፍቼ አየሁት። አየሁና ገባኝ። አሜሪካ ስገባ ወረቀቴ ላይ የአያቴ ስም የመጨረሻ ስም ሆነ፣ የአባቴ መሀል ገባ። ፈቃዱም በዚያው ወጣ። እኔ ግን ማመልከቻ ስሞላ ዕድሜዬን ሙሉ እንደማደርገው ስሜንና የአባቴን ስም ጻፍኩ። በአባቴ ስም ፈልገውኛል፣ የለሁም።

23ቱንም እንደዚያ ነበር የሞላኋቸው።

ስንቱ ቦታ በዚህ እንደቀረብኝ አላውቅም። በብቃት ማነስ ነው እያልኩ፣ በአክሰንቴ ነው እያልኩ፣ አንዳንዴም በቀለሜ ነው እያልኩ ስንት ሌሊት ተገላብጫለሁ። አሁን አዲስ ለሚመጣ ሁሉ መጀመሪያ የምነግረው ይህንን ነው። ፈቃዱ ላይ፣ ማመልከቻው ላይ፣ ሪዙሜው ላይ ያለው ስም ፊደል በፊደል አንድ ይሁን።

ስሙን አስተካክዬ ላክሁ፣ ለኢንተርቪው ተጠራሁ። ተጨንቄ ነበር፣ ግን ደህና ነበር። በሽተኛ ድንገት ትንፋሽ ሲያጥረው መጀመሪያ ምን ታደርጊያለሽ ብላ ስትጠይቀኝ እጄ ራሱ ተንቀሳቀሰ፤ አልጋውን ከፍ፣ ኦክስጅኑን እይ። ሐዋሳም ሆነ ሜሪላንድ ትንፋሽ ትንፋሽ ነው። ማታውኑ የምስጋና ኢሜይል ጻፍኩ። ከዚያ ሳምንት ሙሉ ጭጭ።

በስምንተኛው ቀን ደወልኩ። ያለ ደረሰኝ። «ልደውልልሽ ስል ነበር» አለችኝ። እውነቷን ይሁን እግዜር ይወቅ፤ እኛም አገር እንደዚያ ነው የሚባለው። ቦታውን የቴሌሜትሪ (የልብ ምትን በሞኒተር የመከታተል) ልምድ ላላት ሌላ ነርስ ሰጥታዋለች። ሆዴ ባዶ ሆነ። ግን ሳልዘጋው ቀጠለች። ወረቀቴን ከፎቅ ላለው የሜዲካል ሰርጂካል (የውስጥ ደዌና የቀዶ ሕክምና) ዎርድ ማኔጀር አስተላልፋልኛለች፣ ሌሊት ሰው እየፈለጉ ነው። ያቺኛዋ በነጋታው ራሷ ደወለች።

ለሲስተር ልነግራት ስደውል «እሰይ» ካለች በኋላ «ቁጥርሽን ነገርሻቸው?» አለችኝ። መቼም አትረሳልኝም።

ይኸው እዚያ ሥራ ከጀመርኩ አምስተኛ ወሬን ይዣለሁ። የተረኞች ዝርዝር ላይ የሚወጣው የመጨረሻ ስም ብቻ ነው። ስገባ ሰሌዳው ላይ የማነበው የአያቴን ስም ነው። አያቴ ጤና ጣቢያ እንኳ ሳይረግጥ ያለፈ ገበሬ ነበር። አሁን በሳምንት ሦስት ሌሊት፣ 12፣ 12 ሰዓት ተረኛ ነው።